ስድስት ሰዓት በሌኮክ

ትምህርት ቤት ሊዘጋ ነውና በዚህ ወር ከደረሱኝ ጥያቄዎች ግማሾቹ ስለ ጉዞ ናቸው። አራቱ ደግሞ ተመካክራችሁ የጻፋችሁት ይመስል ወደ አንድ አቅጣጫ ያመራሉ፤ ወደ ምዕራብ እንግሊዝ። እኔ እዚያ አገር ኖሬ አላውቅም። ብሪስቶል ያለችው ታናሽ እህቴ ሁለት ጊዜ ስትወልድ ግን አራስ ልጠይቅ ብዬ ሄጄ፣ ገንፎ ሳገነፋ ሦስት ሦስት ወር ከርሜ መጥቻለሁ። የምነግራችሁ ከዚያ ያመጣሁትን ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ባለቤቴ ለትምህርት ብሪስቶል ነው ያለው። ለክረምቱ ከ11 ዓመት ወንድ ልጄና ከ6 ዓመት ሴት ልጄ ጋር ሦስት ሳምንት ልንሄድ ቪዛው ወጥቶልናል። እኔ ማየት የምፈልገው የጥንቱን የእንግሊዝ ገጠር ነው፤ በፊልም የምናየውን ዓይነት። ልጆቹ ደግሞ አሮጌ ቤት ብቻ ካሳየኋቸው ያምጹብኛል። መኪና የለንም። የት ልውሰዳቸው?
የሁለት ልጆች እናት፣ ከታቦር ክፍለ ከተማ

መልስ፦ ሌኮክ ውሰጃቸው እህቴ። ሌላ አትፈልጊ።

መጀመሪያ አጠራሩን ያዢ። አጻጻፉን ስታዪ “ላኮክ” የሚባል ይመስላል። እኔም እንደዚያ ብዬ ባቡር ጣቢያ ብጠይቅ ሰውየው ግራ ገብቶት ሦስት ጊዜ አስደገመኝ። “ሌኮክ” ስለው ነው ፊቱ የፈታው። መንደሩ ዊልትሸር ውስጥ ነው። ከብሪስቶል እስከ ቺፕነም በባቡር ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። ከቺፕነም ደግሞ ወደ ደቡብ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራል፤ አውቶቡስ አለ። የመመለሻውን ሰዓት ግን ሳትሄጂ እዪና ጻፊው፤ ገጠር ነው፣ እንደ ከተማው ቶሎ ቶሎ አይመጣም።

ሰዓት ካነሳሁ አይቀር የደረሰብኝን ልንገርሽ። በሁለተኛው ክረምት ነው። የእህቴ ባል ወደ ሥራው ሲሄድ እኔንና ትልቋን ልጃቸውን ጠዋት ሌኮክ አወረደን። አምስት ዓመቷ ነበር። “ስድስት ሰዓት ላይ መጥቼ እወስዳችኋለሁ” ብሎኝ ሄደ። ስድስት ሰዓት ማለት ለኔ እኩለ ቀን ነው። እሱ ግን እዚያ አሥራ ምናምን ዓመት ቆይቷል፤ በአማርኛ ያወራል፣ በፈረንጅ ይቆጥራል። የኛን አሥራ ሁለት ሰዓት ማለቱ ኖሯል። ስልኬ የዚያ አገር ሲም አልነበረውም። በስድስት ሰዓት መኪና ማቆሚያው ጋ ቆምን። ሰባት ሆነ። ስምንት ሊሆን ሲል ልጅቷ እጄን ጎትታ “ወደ ውኃው እንሂድ” አለችኝ።

መንደሩን በደንብ ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። ጠዋት አይቼ የጨረስኩት መስሎኝ ነበር። ጎዳናዎቹ አራት ናቸው፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ዞረሽ ከጀመርሽበት ትደርሺያለሽ። በትልልቅ አውቶቡስ የሚመጡት ጎብኚዎች ፎቶ አንስተው፣ ሻይ ጠጥተው፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ውልቅ ይላሉ። አንቺ እንደዚያ አታድርጊ፤ ሙሉ ቀን ስጪው።

ልጅቷ ውኃ ያለችው ከቤተ ክርስቲያኑ ትንሽ አለፍ ብሎ መንገዱን የሚያቋርጠውን ቀጭን ጅረት ነው። መኪና ሲመጣ ውኃው ውስጥ ገብቶ እያንቦጫረቀ ይወጣል። እግረኛው በጎን ባለች የድንጋይ ድልድይ ይሻገራል። ያደግሁት ጥቁር ውኃ አካባቢ ነው፤ ውኃ ብርቄ አይደለም። ግን አንድ ሰዓት ሙሉ ድልድዩ ላይ ተቀምጬ ልጅቷ ቅጠል በአንዱ በኩል ጥላ በሌላው በኩል ሮጣ ስትቀበል አየሁ። ቅያሪ ካልሲ ያዢ። እኔ አልያዝኩም ነበር፤ ሻርፔን ነው እግሯ ላይ የጠመጠምኩት።

ስንመለስ አንድ ቤት ደጃፍ ላይ ትንሽ ጠረጴዛ አየን። በጠርሙስ ማርማላታ፣ በላስቲክ የታሸገ ኬክ፣ ጎን ለጎን ተደርድሯል። ዋጋው በብጣሽ ወረቀት ተጽፏል። ሻጭ የለም። ገንዘብ የሚከተትባት ቆርቆሮ ብቻ አለች። ዙሪያዬን አየሁ፤ ማንም አያየኝም። ሳንቲሙን ስጥለው ቆርቆሮዋ ኳ ስትል ደነገጥኩ፤ የሰረቅኩ ነው የመሰለኝ። ለሐዋሳ ጎረቤቶቼ ይህን ስነግራቸው “ቆርቆሮዋስ ታድራለች?” ነው ያሉኝ።

መንደሩ እንዲህ ሆኖ የቆየው በአጋጣሚ አይደለም። ለረጅም ዘመን ቤቱም መሬቱም የአንድ ቤተሰብ ነበር፤ እንደኛው የድሮ ባላባት በይው። በ1944 ማቲልዳ ታልቦት የምትባለው የመጨረሻዋ ወራሽ መንደሩንና ገዳሙን ናሽናል ትረስት ለሚባለው ቅርስ ጠባቂ ማኅበር ሰጠች። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፤ እሱንም እንደ ሰዓቱ እንዳታምታቺው።) ቀና ብለሽ ብታዪ የተንጠለጠለ የኤሌክትሪክ ሽቦ የለም። ሲኒማ ሠሪዎች የሚወዱት ለዚህ ነው። ግን ሙዚየም እንዳይመስልሽ፤ ሰው ተከራይቶ ይኖርበታል። መስኮት ላይ አፍንጫቸውን ለጥፈው ወደ ውስጥ የሚያዩ ጎብኚዎች አይቻለሁ። በአንዱ ቤት ባለቤቲቱ ድስቷን እያማሰለች ቀና አለችና በማንኪያው ሰላም አለቻቸው። እኔ በነሱ ቦታ አፈርኩ።

አሁን ለልጆችሽ። ጆርጅ የሚባል የቆየ መጠጥ ቤት አለ፤ ምሳም ይሰጣል። ምድጃው አጠገብ የእንጨት መንኮራኩር ታያላችሁ። የውሻ ነው። ድሮ እግረ አጭር ውሻ እንደዚህ ያለ መንኮራኩር ውስጥ ይከቱና ያስሮጡት ነበር። እሱ ሲሮጥ መንኮራኩሩ ይዞራል፣ መንኮራኩሩ እሳቱ ላይ የተሰካውን ሥጋ ያዞራል። ሥጋው እስኪበስል ውሻው በቦታው ይሮጣል ማለት ነው፤ ሽታው እየሸተተው። የእህቴ ልጅ ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ አየችውና “ከሥጋው ይሰጡት ነበር?” አለችኝ። ምን ልበላት። ብሪስቶል እስክንደርስ ስለ ውሻው ነበር የምታወራው።

ከዚያ በ14ኛው መቶ ዘመን የተሠራውን ትልቁን ጎተራ አሳያቸው። አስራት የምንለውን ታውቂያለሽ፤ ገበሬው ለገዳሙ የሚያገባው እህል የሚከማችበት ነው። ጣሪያውን የተሸከሙትን እንጨቶች ተንጋለሽ ካላየሽ አይታዩም። አጠገቡ ጉልላት ያላት ጠባብ የድንጋይ ክፍል አለች፤ ሰካራም እስኪበርድለት የሚታሰርባት። ወንድ ልጅሽ ውስጧ ካልገባሁ ይላል፤ ተዪው።

ቤተ ክርስቲያኑን ዘግይቼ ነው ያወቅሁት። ቅዱስ ሲሪያክ ይሉታል። ጠዋት ስሙን አንብቤ አልፌው ነበር። ከሰዓት በኋላ ሰውየው ሕፃን ሰማዕት መሆኑን፣ ከእናቱ ጋር መሠዋቱን ስሰማ ነው የነቃሁት፤ የኢየሉጣ ልጅ፣ የኛው ቂርቆስ ነው! ቅድም ሳልሳለም ማለፌ አሳፈረኝ። ተመልሼ ተሳለምኩ። አገሬን ድንገት በር ላይ ያገኘኋት መሰለኝ።

መንደሩን ማየት በነፃ ነው፤ ገዳሙ ግን በክፍያ ነው። ክፈዪ፣ አትቆጪም። ኤላ የምትባል የሳልስበሪ እመቤት ባሏ ከሞተ በኋላ በ1232 ለሴት መነኮሳት የመሠረተችው ነው። ይኩኖ አምላክ ከመንገሡ 38 ዓመት በፊት መሆኑ ነው። ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ የአገሩን ገዳማት ሲያዘጋ ይህም በ1539 ተዘጋና የሀብታም መኖሪያ ሆነ። ሠሪዎቹ ቤተ ክርስቲያኑን አፍርሰው የመነኮሳቱን የዙሪያ መተላለፊያ ግን ተዉት፤ እሱ ነው የሚያምረው። ልጆችሽ ሃሪ ፖተርን አይተው ከሆነ እዚያ ሲደርሱ ይጮኻሉ፤ ከፊልሞቹ የተወሰነው ክፍል የተቀረጸው እዚህ ነውና።

ለኔ ትልቁ ነገር ግን አንዲት መስኮት ናት። ላይኛው ፎቅ ላይ ናት፤ በትንንሽ መስታወቶች የተከፋፈለች። የቤቱ ጌታ የነበረው ሄንሪ ፎክስ ታልቦት በነሐሴ ወር 1835 ይህችን መስኮት ከውስጥ ሆኖ ፎቶ አነሳት። እስከ ዛሬ ከተረፉት የፎቶግራፍ ኔጋቲቮች ሁሉ ቀዳሚዋ ናት። የፎቶዋ መጠን ከቴምብር ብዙም አትበልጥም። ታልቦት ራሱ በአጉሊ መነጽር ሲያዩት 200 ያህል የመስኮቱ መስታወቶች ሊቆጠሩ ይችሉ እንደነበር ጽፏል። ካሜራዎቹ ትንንሽ የእንጨት ሳጥኖች ነበሩ። በየቦታው አስቀምጦ ብርሃን እስኪገባላቸው ስለሚጠብቅ ሚስቱ “የአይጥ ወጥመዶች” ትላቸው ነበር። ይህን ለወንድ ልጅሽ ንገሪውና እዚያው መስኮት ሥር አቁመሽ በስልክሽ ፎቶ እንዲያነሳት አድርጊ። በሩ አጠገብ የፎቶግራፍ ሙዚየምም አለ፤ እሱ እንኳ ትንሿን ሊያሰለቻት ይችላል።

ለሌላ ቀን ቦውድ የሚባል የመሳፍንት ቤት አለላችሁ፤ ከቺፕነም በታክሲ ቅርብ ነው። ጆሴፍ ፕሪስትሊ በ1774 ኦክስጅንን ያገኘበት ክፍል እዚያ ቤት ውስጥ ነው። ልጆችሽ ግን ኦክስጅኑን ትተው የባሕር ወንበዴ መርከብ የመሰለው መጫወቻ ላይ ነው የሚውሉት፤ አትፍረጂባቸው። ባዝም በባቡር ቅርብ ናት። ሮማውያን የሠሩት መታጠቢያ እስከ ዛሬ 46 ዲግሪ ሙቀት ባለው ፍልውኃ ይሞላል፤ በየቀኑ ከአንድ ሚሊዮን ሊትር በላይ ይፈልቃል። አደራ፣ ወንዶ ገነት የለመዱ ልጆች ልብስ ማውለቅ እንዳይጀምሩ። የሮማውያኑ የሚታይ እንጂ የሚዋኙበት አይደለም። ስቶንሄንጅን ብዙ ሰው ይመክርሻል፤ እኔ ከልጆች ጋር አልመክርም። ለቆመ ድንጋይ ከሆነ ጢያ ቅርባችን ነው።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ አክስቴ ስዊንደን ነው የምትኖረው። “ሎንግሊት ወስጄ አንበሳ አሳይሃለሁ” ትለኛለች። ትኬቱን ሳየው ራሴን አዞረኝ። ከአፍሪካ ተነስቼ ሄጄ አንበሳ ለማየት ልክፈል? ያውም አሞራ ገደል ጦጣ ሙዜን እየቀማችኝ ያደግኩ ልጅ!
ከሐይቅ ዳር

መልስ፦ ሳቅሁ። እኔም ሰንቀሌ ሄጄ ቆርኬ ያየሁ ሰው ስለሆንኩ እንዳንተው ነበር ያልኩት። ግን አንተን አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ አንበሳ በዓይንህ አይተህ ታውቃለህ? ከአጥር ውጭ? እኔ አላየሁም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሎንግሊት በ1580 ተሠርቶ ያለቀ የመሳፍንት ቤት ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የውርስ ግብር ባለርስቶቹን ሲያስጨንቅ፣ ባለቤቱ በ1949 በሩን በትኬት ለሕዝብ ከፈተ። በ1966 ደግሞ አንበሶች አስገባ። ከአፍሪካ ውጭ በመኪና እየነዱ አውሬ የሚያዩበት የመጀመሪያው ቦታ እሱ ነው። አየህ፣ ያኔ የነበረው ወግ አውሬውን በፍርግርግ ዘግቶ ሰውን ማዞር ነበር። እነሱ ሰውን መኪና ውስጥ ዘጉና አውሬውን ለቀቁት።

አንበሳው ከመኪናችን ሁለት እርምጃ ርቆ ተኝቶ ነበር። ተነስቶ አላገሳም። አንድ ዓይኑን ገልጦ አየኝና መልሶ ጨፈነው። በቃ ይኸው ነው፤ ግን የእህቴ ልጅ እስከ ማታ በሹክሹክታ ነበር የምታወራው።

ጦጣዎቹን ተጠንቀቅ። የሐዋሳዋ ሙዝ ነው የምትቀማው፤ የሎንግሊቷ ሜካኒክ ናት። አንዷ የመኪናችን ኮፈን ላይ ወጥታ የዝናብ መጥረጊያውን ጎማ ላጥ አድርጋ ሄደች። የእህቴ ባል እየጮኸ መስኮት ሊከፍት ሲል ነው የያዝነው፤ መስኮት መክፈት ክልክል ነው። የጦጣዎቹን ክፍል ሳይገቡ የሚያልፉበት መንገድ አለ። አክስትህ መኪናዋን የምትወድ ከሆነች በዚያ በኩል እለፉ።

ከቁጥቋጦ የተሠራ እንቆቅልሽ መንገድም አለ። በ1975 የተተከለ ነው፤ ከ16,000 በላይ ዛፎች አሉት። እኔ ገብቼ ጠፍቼ አንድ የስምንት ዓመት ልጅ ነው ያወጣኝ።

ፍርዴ፦ የአክስትህ ልጆች አብረው ከሄዱ ሂድ። ብቻህን ከሆንክ ገንዘብህን ያዝ። አክስትህ ልክፈል ካለች ደግሞ ምን ትጠይቀኛለህ!

ጥያቄ፦ ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ። ዕድሜዬ ሰባ ስምንት ነው። ልጄ ባዝ አጠገብ ስላለች ልትወስደኝ ነው። ጃንሆይ በስደት የኖሩበት ቤት እዚያ ነው ይባላል። ይገባበታል ወይ? ጉልበቴ ብዙ አያስኬደኝም።
ከባህል አዳራሽ ክፍለ ከተማ

መልስ፦ አባባ፣ እውነት ነው፣ እዚያ ነው። ፌርፊልድ ሃውስ ይባላል፤ በከተማው ምዕራብ ዳር ነው። ጃንሆይ በ1936 ገዝተውት እስከ 1940 ኖረውበታል። የሕይወት ታሪካቸውን የጻፉትም ባዝ ሆነው ነው። ቤቱ በ19ኛው መቶ ዘመን የተሠራ ሲሆን ስልቱን ባለሙያዎች የጣልያን ይሉታል። ከጣልያን ሸሽተው የጣልያን ስልት ቤት! ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ፣ ከዚያ ደግሞ ሆዴን ባር ባር አለው።

በ1958 ቤቱን ለባዝ ከተማ ሰጡት፤ አረጋውያን እንዲጠቀሙበት። ዛሬም የአረጋውያን መዋያ ሆኖ ያገለግላል። ስለዚህ እንደ ሙዚየም በየቀኑ ለጎብኚ አይከፈትም። ልጅዎ ቀድማ ደውላ ቀን ትያዝ። እኔ ሳልደውል ሄጄ ዝግ በር ነው የጠበቀኝ፤ ጥፋቱ የራሴ ነው። ዝናብ እያካፋ ነበር። አጥሩን ይዤ ትንሽ ቆምኩ። የሐዋሳ ፀሐይ የለመደ ሰው በነሐሴ እንዲያ ከበረደው፣ እሳቸው በጥር እንዴት ቻሉት አልኩ።

ለጉልበትዎ፦ ባዝ ዳገት ናት። ከባቡር ጣቢያው በታክሲ ይሂዱ፣ በእግር አይሞክሩት። ጋቢዎን አይርሱ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ፍልሰታ እዚያ ነው የሚገባብኝ። ምን ልበላ?
ከመናኸሪያ

መልስ፦ “እጾማለሁ” ብትያቸው ምንም የማትቀምሺ ይመስላቸዋል። “ቪጋን ነኝ” በያቸው፤ ከእንስሳ የሚገኝ ምንም አልበላም ማለት ነው፤ ሃይማኖት ባይሆንም ወጡ አንድ ነው። መጠጥ ቤቶቹ ሁሉ ማለት ይቻላል አንድ ሁለት የቪጋን ምግብ አላቸው። ቪጋን ዓሣም ስለማይበላ ዓሣ ስለመብላት ከእናትሽ ጋር የምትከራከሪውንም ክርክር ትገላገያለሽ። ሌኮክ ሄደሽ በሻይ የሚያቀርቡልሽ ስኮን የሚባለው ዳቦ ቅቤም ወተትም አለው፤ ላዩ ላይ የሚከመረው ደግሞ ክሬም ነው። እሱን ፍልሰታ ሲፈታ ተመልሰሽ ብዪው። እኔ ከቤት ዳቦ ቆሎ ይዤ ነው የዋልኩት፤ ስድስቱን ሰዓት ያሻገረኝም እሱ ነው። ቺፕስ ይጾማል ብለሽ ዝም ብለሽ አትዘዢ። በምን እንደጠበሱት ጠይቂ፤ አንዳንዱ ቤት በዘይት ሳይሆን በበሬ ሞራ ነው የሚጠብሰው።